ነርሷ ትምጣ፣ ቤት ግን የለንም

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፣ ጊዜ ያላችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የቆቦ ልጆች፣ በተለይ ግቢያችሁ ውስጥ የሚከራይ ክፍል ያላችሁ፣ ዛሬ የማናግረው እናንተን ነው። የሚቀየመኝ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ። የምለውን ግን እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም ላይ ኮሌጅ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ከደብረ ታቦር ደወለ። «እህቴ ነርስ ሆና ወደ እናንተ ተመድባለች፣ እዚያ ሰው አታውቅም፣ አደራህን ከሥራ ቦታዋ የማይርቅ ቤት ፈልግላት» አለኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ቆቦ እኮ ነው! ሁለት ቀን አይፈጅም» አልኩት። እንግዳ የማይመልስ አገር ነው ብዬ ነው እንግዲህ።

አራት ቀን ዞርን። ከትምህርት ቤት ስወጣ በዚያ ሙቀት እሷና እኔ፣ አንዳንዴም ደላላው ጭምር። ዘጠኝ ግቢ አንኳኳን። ክፍል ያልነበራቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሰባቱ ባዶ ክፍል ነበራቸው።

የሰባቱን መልስ ልንገራችሁ። ሦስቱ ገና ፊቷን ሲያዩ «ቤተሰብ ነው የምንፈልገው፣ ሴተላጤ አናስገባም» አሉ። አንደኛው ማታ ተረኛ ትሆናለች ሲባል «በራችን ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ለማንም አንከፍትም» አለ። አንዷ እናት ልጅቷን ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ «የኔ ልጅ፣ ለምን አታገቢም?» ብለው ጠየቋት። ቤት ፈላጊ ናት እንጂ ባል ፈላጊ አልነበረችም። ስድስተኛው ክፍሉን ሊሰጥ ተስማማ፣ ግን የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቀ።

ሰባተኛውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። እሱ የእኔም ጉድ አለበት።

በመጨረሻ ቤት ተገኘ። የት? ከከተማው ዳር፣ ከሥራ ቦታዋ በእግር አርባ ደቂቃ የሚያስኬድ። የቀን ተራ ሲሆን ችግር የለውም፣ ባጃጅ አለ። የማታ ተራ ሲሆንስ? ከመሸ በዚህ ጊዜ ባጃጅ እንደማይገኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሌሊት ስልክ ተደውሎ «ወላድ መጥታለች፣ ድረሽ» ብትባል በጨለማ ብቻዋን በምን ትሂድ? ለመቅረት ሕሊናዋ አይፈቅድም፣ ለመሄድ መንገዱ ያስፈራል። አራት ወር እንዲህ ሆና ሠራች። ጥር ላይ ሥራዋን ለቃ ወደ ቤተሰቦቿ ተመለሰች።

ባለፈው ሰሞን ታምሜ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ፣ አጠገቤ ያሉ ሰዎች ምን ሲሉ ሰማሁ መሰላችሁ? «እዚህ አገር ነርስ አይበረክትም፣ ሲመጡ አየናቸው ስንል ይሄዳሉ።»

አይበረክትማ! የት ይብረከት? ዛፍ ሥር?

እስኪ በሒሳብ እንየው። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ አስተማሪ ነኝ፣ የኢኮኖሚ ምሁር አይደለሁም፣ ግን መደመርና መቀነስ ለዚህ ይበቃል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኛ ስኬል የአንድ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ጡረታ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ የሥራ ግብርም ሲነሣ፣ እጇ ላይ የሚደርሰው 8,600 ብር ገደማ ነው። እንበልና አንድ ክፍል ቤት 3,000 ብር ቢሆን፣ የስድስት ወር ቅድሚያ 18,000 ብር ነው። ከሁለት ወር ደመወዝ በላይ ማለት ነው፣ ገና አንድ ቀን ሳትሠራ! የደላላው አለ። ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ምድጃ አለ። አዲስ ተቀጣሪ ደግሞ ወረቀቱ እስኪያልቅ የመጀመሪያ ደመወዙ እንደሚዘገይ በመንግሥት ሥራ ያለፈ ሁሉ ያውቃል። ይሄን ገንዘብ ከየት ታምጣው? ከአባቷ። አባትየው ደግሞ ገበሬ ነው፣ በሬ ሊሸጥ ነው። ልጁን ያስተማረው እንድትረዳው ነበር፤ እሱ ነው መልሶ ለእኛ የቤት ኪራይ የሚከፍለው።

አሁን የቤት ባለቤቶችን ምክንያት አንድ በአንድ ላንሣ። ሳልሰማቸው አልፈርድባቸውም፣ ብዙዎቹ የተማሪዎቼ ወላጆች ናቸው።

«ማታ ትወጣለች፣ ጠዋት ትገባለች፣ ጎረቤት ምን ይላል?» ጎረቤት የሚለውን እኔ ልንገራችሁ። የጎረቤት ልጅ ሌሊት ትኩሳት ሲይዛት የሚሮጠው ማታ ወደወጣችው ልጅ ነው። ወባ እኮ በቀን ብቻ አይነሣም። ክረምት ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይሄ ቆላ በወባ ሲታመስ ሌሊቱን ግሉኮስ ስትሰቅል የምታድረው ማን ናት? ምጥም ቀጠሮ የለውም። ከዞብል በቃሬዛ ተሸክመዋት የመጡ እናት ከወለደች በኋላ ደሟ ቢፈስ፣ ጤነኛ የነበረችው ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነርሷ ሐኪም ቤቱ አጠገብ መሆኗና የከተማው ዳር መሆኗ አንድ ነው? ማታ የሚወጣ ጥበቃ ስናይ «ሥራው ነው» እንላለን። ሹፌሩ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ወልድያ ሲነዳ «ሥራው ነው»። ሴቷ ነርስ ስትወጣ ግን «ወዴት ናት?»

«ዝውውር ጠይቃ ትሄዳለች፣ ቤቴ ባዶውን ይቀራል።» ይሄ ትክክለኛ ሥጋት ነው። መፍትሔው ግን ውል መጻፍ ነው። ስትለቅ ከስንት ጊዜ በፊት እንደምትናገር በወረቀት አስፍሩት። ደግሞ ልብ በሉ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙ በየወሩ በባንክ የሚገባ፣ መሥሪያ ቤቱ የሚታወቅ፣ አለቃው የሚጠየቅ ሰው ነው። ከእሱ የተሻለ ተከራይ ከወዴት ይመጣል?

«በሽታ ታመጣብናለች።» ይሄንን ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው የተማርነው፣ ወባ የሚያስተላልፈው ትንኝ ነው። ነርሷማ ስለ አጎበር፣ ስለ ውሃ ማቆሪያ የምትነግራችሁ፣ በነፃ ግቢያችሁ ውስጥ የምታድር ባለሙያ ናት። እኔ ብሆን ኪራይ ቀንሼ ነበር የማስገባት።

«ውሃና መብራት ታበዛለች።» ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የምትውል አንዲት ልጅ ከስድስት ቤተሰብ በላይ ውሃ ትጨርሳለች? ቆጣሪውን ተካፈሉ፣ አለቀ።

«ሲሚንቶና ቆርቆሮ ተወዷል፣ ቤታችን በጦርነቱ ተጎድቷል፣ ከኪራይ በቀር ገቢ የለንም።» እዚህ ላይ አንገቴን እደፋለሁ፣ እውነት ነው። ከተማችን ምን እንዳሳለፈች ለቆቦ ሰው አልነግረውም። ባለቤት ኪራይ ይጠይቅ፣ መብቱ ነው። እኔ ቤታችሁ ይወረስ አላልኩም፣ በርካሽ ስጡም አላልኩም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ኪራይ ቀነሰ፣ ተከራዩ ደስ አለው፤ ግን ለማከራየት የሚሠራ ጠፋ፣ የቀበሌ ቤቶችም የሚያድሳቸው አጥተው ሲያረጁ አየን። ያንን አልናፍቅም። እኔ የምጠይቀው በዚያው ዋጋ ለነርሷም አከራዩ ነው። ሦስቱ ቤቶች ገና የኪራዩን መጠን ሳናነሣ ነው የመለሱን። ይሄ የሲሚንቶ ጉዳይ አይደለም።

ስድስት ወር ቅድሚያ ስለሚጠይቁትም አንድ ነገር። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አለ። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ የውል ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። አዋጁ የወጣው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ፣ እንዲሁም ክልሎች ለሚወስኗቸው ከተሞች ነው። «እዚህ አይመለከተንም» የሚለኝ ይኖራል። ይሁን። ግን አገሪቱ በሕግ «ከሁለት ወር በላይ መጠየቅ ልክ አይደለም» ብላ ከጻፈች፣ እኛ ተቆጣጣሪ እስኪመጣብን ነው የምንጠብቀው?

ቀጣሪዎችንም አልምርም። ባለሙያ ስትመድቡ ደብዳቤ ትሰጣላችሁ፣ ማኅተም ትመታላችሁ፣ በቃ። ልጅቷ የት ታድራለች ብሎ የሚጠይቅ ጠረጴዛ የለም። ይሄ እኮ አዲስ ነገር አልነበረም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለንደን ውስጥ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ስትከፍት ሰልጣኞቹ ማደሪያቸው እዚያው ነበር። ሴቷ ሌሊት እንድትሠራ ከተፈለገ መጀመሪያ ማደሪያዋ መታሰብ እንዳለበት ያኔም ገብቷቸዋል። በእኛም አገር በየድሮ ሆስፒታሉ ግቢ የነርሶች መኖሪያ የሚባል ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመርም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች የሠለጠኑት በአብዛኛው ከየራሳቸው አካባቢ ተመልምለው ነው። አንዱ ጥቅሙ ይሄው ነው፣ ልጅቷ ቋንቋውንም ሰውንም ታውቃለች፣ የምታድርበትም አታጣም። ለነርስ፣ ለአዋላጅ፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያ ግን ይሄ ሁልጊዜ አይሆንም፣ ከሩቅ ይመጣሉ። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ቤት ይፈልጋል። ይሄን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ የደመወዝና የጥቅማጥቅም ጥያቄ ሲያነሡ ብዙዎቻችን ፌስቡክ ላይ «ከጎናችሁ ነን» ብለን ለጥፈናል። እኔም ለጥፌያለሁ። በየዓመቱ ግንቦት 4 «መልካም የነርሶች ቀን» እያልን አበባ እንልካለን። አበባውን ተዉት፣ ቁልፍ ስጧት።

አሁን የሚያመውን ላንሣ። ሐምሌ 2013 ላይ የት ነበርን? ነሐሴ 2014 ላይስ? ልጅ አዝለን፣ ፌስታል አንጠልጥለን ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ ስንሄድ ማን ተቀበለን? ትምህርት ቤት ውስጥ ያደረ አለ፣ የማያውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ የተኛ አለ። እኔ ደሴ ላይ የተጠጋሁበት ቤት ባለቤቶች ስሜን እንኳ የጠየቁኝ እንጀራ ካቀረቡልኝ በኋላ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ያለን አልነበረም። ሴተላጤ ነሽ ወይስ ባለትዳር ብሎ በር ላይ ያቆመ አልነበረም። የወሎ ሰው «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለውን አስገብቶ፣ እግር አጥቦ፣ አብልቶ የሚያሳድር ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ያቺ ልጅ እኮ በነፃ አሳድሩኝ አላለችም። ከፍዬ ልደር ነው ያለችው።

ደግሞ የራሳችንም ልጆች በሰው አገር ናቸው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለች፣ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። የዚህችው የቆቦ ልጅ ናት፣ አሁን ነርስ ሆና በሌላ ዞን ተመድባለች፣ ከተማውን አልጠራም። ባለፈው ደወለችልኝ፦ «ቲቸር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤት አጥቼ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው የማድረው። ሄጄ ሳንኳኳ ‹የራያ ልጅ ነሽ፣ ብቻሽን ነሽ፣ አናውቅሽም› ይሉኛል።» እናቷ ይሄን ሰምተው አለቀሱ። ልጠይቃቸው ሄድኩ። እንዲህ አሉኝ፦ «ምን ዓይነት ጨካኝ ሰዎች ናቸው? ሴት ልጅ አውላላ ሜዳ ላይ ይጥላሉ?»

እኔም ቡናውን እየጠጣሁ «እትዬ፣ የእርስዎ ሰርቪስ ቤት አሁን ማን አለበት?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ሰርቪሱ ባዶ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ «ቤተሰብ» እየጠበቀ ነበር።

የሰው ልጅን ስንመልስ ጥንቃቄ፣ የእኛ ልጅ ስትመለስ ጭካኔ። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው።

ሰባተኛውን ግቢ ቃል እንደገባሁት ልናገር። እኔ ራሴ የምከራይበት ግቢ ነው። አዎ፣ እኔም ተከራይ ነኝ። ከእኔ ክፍል አጠገብ አንድ ክፍል ተለቆ ነበር፣ ለሐኪም ቤቱም ቅርብ ነው። አከራዬ ደግ ሴት ናቸው። ስለ ልጅቷ ስነግራቸው «አንተ ታውቃታለህ? ኃላፊነቱን ትወስዳለህ?» አሉኝ። እኔም… «የጓደኛዬ እህት ናት፣ ብዙም አላውቃትም» አልኩ። ፈራሁ። ሰው ምን ይላል፣ አስተማሪው ልጅቷን አጠገቡ አመጣት ይባላል፣ ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር እኔንም ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ። እሳቸውም «እንግዲያስ ይቅር» አሉ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። «ተይዟል» አልኳት። ዋሸኋት።

ስለዚህ ይሄን ሁሉ የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከሰባቱ አንዱ እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ይሄን ዛሬ ነው የሚያነበው። ወንድሜ፣ አደራህን በላሁ።

ምን እናድርግ? ትልልቅ ነገር አልጠይቅም።

የቤት ባለቤቶች፦ በሩ ላይ «ባል አለሽ?» ከማለታችሁ በፊት «የት ነው የምትሠሪው?» በሉ። የመሥሪያ ቤቷን መታወቂያ እዩ፣ ውል ጻፉ፣ ምስክር አቁሙ፣ ቅድሚያውን ሁለት ወር ላይ አቁሙት። የበሩ ጉዳይ ካሳሰባችሁ አንድ ቁልፍ አስቀርጹላት።

ቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች፦ አንድ ደብተር ይበቃል። በአቅራቢያችሁ ያሉ አከራዮችን ስም መዝግቡ፣ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የሰው ኃይል ክፍሉ ራሱ ደውሎ «የእኛ ሰው ናት» ይበል። የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪወጣም ለአከራዩ ደብዳቤ ስጡላት። ግቢያችሁ ውስጥ ሁለት ክፍል ለተረኛ ማደሪያ ብታዘጋጁማ እሰየው።

ዕድሮች፦ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ከተሰባሰብን፣ ሰው እንዳይሞት የምትሠራዋን ቤት ለመፈለግም መሰባሰብ አያቅተንም። በሚቀጥለው ስብሰባ በእኔ ዕድር አጀንዳ አስይዛለሁ።

ተማሪዎቼ፣ በተለይ ለሥራ ወደ ሰው አገር የምትሄዱ ሴቶች፦ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያ ያሉ ነርሶችን በስልክ ፈልጉ፣ ለቆ የሚሄድ ሰው ክፍል ከደላላ ቤት ይሻላል። ቤቱን በቀን ብቻ ሳይሆን በምሽትም እዩት፣ ከሥራ ቦታ ድረስ መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት፣ መብራት ያለበትን ለዩ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ባለቤቱን ሳይሆን ተከራዮቹን ጠይቁ። የማታ ተራ እንዳላችሁ ደብቃችሁ አትግቡ፣ ቀድማችሁ ተናገሩ። ያለ ደረሰኝና ያለ ውል ብር አትስጡ።

እኔ ደግሞ የድርሻዬን ልጀምር። ትናንት አከራዬን አነጋገርኳቸው። «ያን ጊዜ ልጅቷን ያስመለስኩት እኔ ነኝ፣ ከእንግዲህ የምትመጣ የጤና ባለሙያ ካለች በእኔ ኃላፊነት ያስገቧት፣ እኔ እፈርማለሁ» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና «ያኔ እንዲህ ብትል ኖሮ አስገባት ነበር እኮ» አሉኝ።

ይሄን ቃል ይዤ ነው ሌሊቱን ያደርኩት።

የተማሪዬ እናትም ትናንት ማታ ደውለው ነበር። «ሰርቪሱን አጥቤዋለሁ። ነርስ ካለች ላካት፣ የሁለት ወር ይበቃኛል» ብለዋል። እንግዲህ አንድ ክፍል አለን። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ከሐኪም ቤቱ ስድስት ደቂቃ ነው፣ በእግሬ ለክቼዋለሁ። ሌላ ክፍል ያለው ሰውም ይንገረኝ፣ ደብተር ከፍቻለሁ። ደላላ አይደለሁም፣ ሳንቲም አልቀበልም።

ሰላም እደሩ።